«ማን አለ?» ላልቶ ወይስ ጠብቆ

ባለፈው ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ ሳለ አንድ ባጃጅ በፊቴ አለፈ። የኋላ መስታወቱ ላይ የጋሼ ከድር ፎቶ ተለጥፏል። ከመታወቂያቸው የተወሰደ መሰለኝ፤ ጭራሽ የማይመስላቸው ኮስታራ ሰው አድርጓቸዋል። ከሥሩ በቀይ ቀለም «ማን አለ?» ይላል። መሄጃ ሳይኖረኝ ባጃጁን አስቁሜ ገባሁ።

«እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው?» አልኩት ሾፌሩን፣ የማላውቅ መስዬ።

«አታውቃቸውም እንዴ? ጋሼ ከድር ናቸዋ! የአማርኛ አስተማሪው። ወንዝ ዳር የገደሏቸው። ነፍሳቸው እየወጣች እንኳ ‹ይህን ወሬ ማን አለ?› እያሉ ነው የሞቱት። ወንድ ነበሩ!»

«አለ» የምትለዋን ላላ አድርጎ ነው ያነበባት፤ ማን ተናገረ ለማለት።

«ከማን ሰማህ?» አልኩት።

«ከተማው ሁሉ ያውቃል እኮ!»

ጋሼ ከድር ይህን መልስ ቢሰሙ ባጃጁን መሐል አስፋልት ላይ ያስቆሙት ነበር። «ከተማው» የሚባል ምስክር አያውቁም። እኔ ግን ወሬውን ወደ ኋላ ብከተለው የት እንደሚያደርሰኝ አውቃለሁ። ከሾፌሩ ወደ ጓደኛው፣ ከጓደኛው ወደ አክስቱ፣ ከአክስቱ ወደ ለቅሶ ቤቱ፣ ከለቅሶ ቤቱ ወደኔ። ቃሉን ለከተማው የሰጠሁት እኔ ነኝ። አበላሽቼ ነው የሰጠሁት። ለባለቤታቸው ለእትዬ ዘሃራም የነገርኳት ያንኑ የተበላሸውን ነው። ሳላቃናው ብሞት ከሳቸው ጋር በምን ዓይኔ እንደምንተያይ አላውቅም።

ጋሼ ከድር አጭር፣ ቀጭን፣ ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ ሰው ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ጃንጥላ ይይዛሉ፤ ለፀሐይ ነው። ዝናብ ሲጀምር ያጥፉታል። «በዚህ ቆላ ዝናብ ስንቴ ይመጣል? ይንካኝ ተዉኝ» ይላሉ፣ ሸሚዛቸው ገላቸው ላይ ተጣብቆ። የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ጠመኔ አለ፤ ኪሱ በጠመኔው ብናኝ ነጥቷል። ስህተት ያለበት ማስታወቂያ ሲያዩ ማለፍ አይሆንላቸውም። አንድ ጊዜ ከክፍል ልጆች ጋር ስናልፍ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ «ትኩስ ምግብ አለ» የሚል ጽሑፍ አዩና ገብተው ባለቤቱን ጠየቁት።

«ማን አለ?»

«ምግቡ ነዋ ጋሼ! ምግቡ አለ።»

«ምግቡ መኖሩንማ አየሁት። ትኩስ ነው ያለው ማነው ነው የምልህ።»

ባለቤቱ እስኪገባው እኛ በሳቅ ሞተን ነበር። እሳቸው ቀዝቃዛውን ምግብ በልተው፣ አመስግነው ወጡ።

የአሊዩ አምባ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው አያታቸው ዘንድ ኪታብ ሲቀሩ፣ የእስልምና መጻሕፍት ሲማሩ ማለት ነው፣ የለመዱት ነገር ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። እዚያ አንድ ቃል ከመነገሩ በፊት ከማን እንደተሰማ ይቆጠራል፤ እኔ ከእገሌ፣ እገሌ ከእገሌ፣ እስከ መጀመሪያው ተናጋሪ ድረስ። ይህን ሰነድ ይሉታል። «ቢሮ ያሉት ሰነድ የሚሉት ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ነው» ይሉን ነበር። «የኔ ሰነድ ሰው ነው። እገሌ ሰማ፣ እገሌ አየ። ወረቀትማ የሰጡትን ሁሉ ይሸከማል።»

የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ የታላላቅ ሰዎች አባባል ተጽፎ ነበር። አንዱ አረፍተ ነገር በበሩ በኩል በአንድ ሰው ስም፣ በመስኮቱ በኩል በሌላ ሰው ስም መጻፉን ለዓመታት ማንም ልብ አላለውም። ጋሼ ከድር ሁለቱም ሥር በጠመኔ «ሰነድ?» ብለው ጻፉ። ርዕሰ መምህሩ በየሳምንቱ ያስጠርጉታል፤ እሳቸው በየሳምንቱ ይጽፋሉ።

ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት «ማን አለ?» ነበራቸው። ጠዋት በሩን ከፍተው ሲገቡ ስም አይጠሩም፤ ጠበቅ አድርገው «ማን አለ?» ይላሉ። እኛም ባንድ ድምፅ «አለሁ!» እንላለን። አንዱ ወሬ ይዞ ሲመጣ ደግሞ ላላ አድርገው «ማን አለ?» ይላሉ። ያኔ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ይጠቁማላ።

አንድ ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ተሰርቋል ተብሎ ግቢው ታመሰ። ጋሼ ከድር ወሬውን ካመጣው ልጅ ጀምረው ከማን ሰማህ፣ አንቺስ ከማን ሰማሽ እያሉ ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲሻገሩ ረፈደ። መጨረሻው ዘበኛው ጋሽ በላቸው ሆኑ። «እኔማ ደወሉ ተሰርቋል ነው ያልኩት!» አሉ ጋሽ በላቸው፣ ሊያለቅሱ እየደረሱ።

«አያችሁ?» አሉን ጋሼ ከድር። «ሰው ሁሉ ጥፋት የለበትም። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው ያጣመመው። ጎበዙ ግን ጋሽ በላቸው ናቸው፤ እኔ ነኝ ያልኩት ብለዋል። በኛ በይፋት ‹አልሁ› ነው የሚባለው። ‹አለሁ› ማለት ለማንም አይከብድም፤ አሁን ሁላችሁም ትሉታላችሁ። ‹አልሁ› ግን ከጉሮሮ አይወጣም።»

ጥቁር ሰሌዳው ላይም «ማን አለ» ብለው ጻፉ። «ፊደላችን ብዙ ይችላል፤ ይህን ግን አይችልም። ተናጋሪውን ፈልጌ ይሁን፣ ሰው አጥቼ እየተጣራሁ ይሁን ሰሌዳው አይነግራችሁም። የሰማ ጆሮ ያስፈልጋል።»

እኔን ይወዱኝ ነበር። «ዳምጤ ብለው ስም አወጡልህ፣ አንተ ግን አትሰማም፤ ትናገራለህ ብቻ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ንግግር እወድ ነበር። እሳቸው ንግግር እንዴት ሰውን እንደሚገፋ ሲያስተምሩን ሌላው ልጅ ያንቀላፋል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ስለ ሼህ አህመዴ ነገሩን። ሼህ አህመዴ በጋሼ ከድር ወጣትነት የይፋት ትልቅ አስታራቂ ነበሩ፤ ከኛ በፊት ሞተዋል። የከተማችን ሰዎችና የወንዙ ማዶ ከብት አርቢዎች ሰው ተገዳድለው፣ የማዶዎቹ ከብት ውሃ ተከልክሎ ቆሟል። ከብቱ ምላሱን አውጥቶ ይጮሃል። ሽማግሌዎቹ ማን ስንት ገደለ፣ የማን ደም ይቀድማል እያሉ ይከራከራሉ። ሼህ አህመዴ ከተቀመጡበት ተነሡና አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«‹መጀመሪያ ከብቱን አጠጡ፤ ደሙን ኋላ እንቆጥራለን።› በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ለሶላት የሚታጠቡበትን የዉዱእ ማሰሮአቸውን ይዤ ከጎናቸው ቆሜ ነበር» አሉን ጋሼ ከድር። «ከብቱ ጠጣ። ሰው ከብት ሲጠጣ እያየ ለመጋደል ልቡ እሺ አይለውም። ዕርቅ ሆነ።»

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጡን። ቃል ሳንጨምርና ሳንቀንስ አረፍተ ነገሩን እንድንገለብጠው፣ ተገልብጦ ምን እንደሚሠራ እንድናይ። በማግስቱ የሁሉንም ደብተር አዩ። የኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «መጀመሪያ ደሙን ቁጠሩ፤ ከብቱን ኋላ እናጠጣለን» ብዬ ነበር የጻፍኩት። መነጽራቸውን አውልቀው ቆይተው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ጎበዝ» አሉኝ። «ያስፈራል። ቅደደው።»

እፊታቸው ቀደድኩት። ጭንቅላቴ ውስጥ ግን አልተቀደደም።

ዓመታት አለፉ። እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ እኔ ተምሬ ተመለስኩና አንድ መሥሪያ ቤት ገብቼ ለአለቃዬ ንግግር መጻፍ ጀመርኩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንገዱ ዳር የተቃጠሉ መኪናዎች ተደረደሩ። አጣዬ ነደደች፤ ከዚያ የሸሹ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሰፈሩ። አሥረኛ ክፍል የተማርኩበት ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት የባሏን ደም የነካ ጋቢ ታቅፋ ግድግዳውን እያየች ትውላለች። ማጠብ አትፈልግም። በየቀኑ ተኩስ አለ። አንዳንዴ ከኛ ወገን ሰው ሞቶ ይመጣል፣ አንዳንዴ የኛ ወገን ገድሎ ይመጣል። የገደለ ሰው አስፋልቱ ላይ እየተሸለለለት ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ዕድሜው ከሃያ አያልፍም፣ ጫማው ላይ የሰው ፀጉር ተጣብቆ ነበር።

ጋሼ ከድር በዚያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ አንድ ልብስ ሰፊ ደጅ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ሰው በስልክ የንግግር ቪዲዮ ያመጣላቸዋል፣ እሳቸው ይፈታሉ። ከወዲህም ከወዲያም የመጣውን እኩል ነበር የሚፈቱት፤ ሰው ያስቀየመውም ይኸው ነው።

«ሦስቴ ሲደጋግምልህ እየቆጠርክ ስማ፤ በሦስተኛው ላይ አብረህ ትጮሃለህ። ‹እኛ› ሲልህ እኛ ማን ማን ነን በለው፤ አንተ ትሞታለህ፣ እሱ ይናገራል፣ ሁለታችሁም ‹እኛ› ናችሁ። ሰውን በተባይ ስም ሲጠራልህ ተጠንቀቅ፤ መድኃኒት ሊያስረጭህ ነው። ጊዜ የለም ሲልህ ቁጭ በል። ሁሉም አልሆን ሲለው ደግሞ ሙት ይጠራል። አባቶቻችን እንዲህ ብለዋል ይልሃል። ሙት ጠርቶ የሚያስመሰክር ሰው የቆመ ምስክር አጥቷል ማለት ነው።»

«እርስዎ ከማን ወገን ነዎት?» አላቸው አንዱ፣ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ።

«ከሰሚው» አሉት።

ሰውየው አልሳቀም።

አንድ ሐሙስ ከከተማው ውጭ የማሾ ማሳቸውን ሊያዩ የሄዱ አራት ሰዎች ተገድለው ተገኙ፤ ማዶዎቹ ናቸው ተባለ። አንደኛው አንገቱ የተቆረጠ ነበር። ለቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሕዝብ ተጠራ። አለቃዬ ቢሮ ጠራኝና በሩን ዘጋ።

«የሽማግሌ ቃል አምጣልኝ» አለኝ። «እስላሙም ክርስቲያኑም ሲሰማው ዝም የሚልለት። ይሄ የተለመደው አይበቃም።»

«እሺ» አልኩ።

ብዙ አልተጨነቅሁም። እጄ ራሱ ጻፈው። «ታላቁ አባታችን ሼህ አህመዴ እንዳሉት፦ መጀመሪያ ደሙን ቁጠሩ፤ ከብቱን ኋላ እናጠጣለን።» አራቱን ሬሳ አይቼ ስለነበር ተናድጄ ነበር ልል እችላለሁ። ተናድጄም ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ሰዓት ደስ ያለኝ አረፍተ ነገሩ ማማሩ ነው።

ቅዳሜ ሜዳው ሞላ። አለቃዬ አነበበ። ያ ቦታ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረገና እንዳስለመድኩት ዝም ብሎ ሕዝቡን አየ፣ ከዚያ ለቀቀው። ሜዳው አንዴ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ሰዉ ራሱ ይደጋግመው ጀመር። «መጀመሪያ ደሙን!» «መጀመሪያ ደሙን!» ጋቢዋን የታቀፈችው ሴት ስትጮህ አየሁ። እኔ ጻፍኩት፣ ይሄ ሁሉ ሰው አለው።

ከመሐል አንድ የተጠቀለለ ጥቁር ጃንጥላ ወደ ላይ ተነሣ። ጋሼ ከድር እንደ ተማሪ እጃቸውን አውጥተው ቆመዋል። ማንም ዕድል አልሰጣቸውም፤ ራሳቸው ወሰዱት።

«ማን አለ?» አሉ፣ ላላ አድርገው።

አለቃዬ በማይኩ «ሼህ አህመዴ ናቸው ያሉት አባባ፣ ይቀመጡ» አላቸው።

«አላሉም። ተገልብጧል። ያሉት ‹ከብቱን አጠጡ› ነው፣ አጠገባቸው ነበርኩ። አንተስ ከማን ሰማህ?»

አለቃዬ ዞሮ እኔን አየ። ጋሼ ከድርም የሱን ዓይን ተከትለው አዩኝ። ያን አረፍተ ነገር በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ሰው ብቻ እንደሚያውቀው ያን ጊዜ ገባኝ። አልተቆጡም። ጠዋት ክፍል ውስጥ እንደሚያዩኝ ነው ያዩኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው፤ «አልሁ» ማለት። እጄ ውስጥ የነበረውን ትርፍ ወረቀት አጠፍኩት፣ እንደገና አጠፍኩት፣ ዓይኔን ከሱ ላይ አላነሣሁም።

«ባንዳ!» አለ አንድ ድምፅ።

«የሬሳችን አፈር ሳይደርቅ ለነሱ ይሟገታል!»

የመጀመሪያው ድንጋይ ትከሻቸውን መታቸው። ሁለተኛው ግንባራቸውን ፈነከተው። ሲወድቁ የሰው እግር ሸፈናቸው፤ እንደ እህል ወቋቸው። ሰዉ ግን ሊቆይ አልፈለገም። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ተኩስ ቢኖርም ገበያ አይቀርምና የማዶ ሰዎች ለገበያ መጥተው፣ ሲመለሱ ከብታቸውን ወንዙ መሻገሪያ ላይ ያጠጣሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል። «ወደ መሻገሪያው!» ሲባል ሜዳው በአንድ በኩል ፈሰሰ።

ጋሼ ከድር ተነሡ። ደሙ ግማሽ ጺማቸውን አጥቦታል። መነጽራቸውን ሲፈልጉ አጡትና ተዉት። ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ሕዝቡን ተከተሉ። እኔም ከኋላቸው፣ እንዳያዩኝ ራቅ ብዬ፣ ተከተልኩ። ለምን እንደተከተልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልደግፋቸው እችል ነበር፤ ሃያ እርምጃ ብሮጥ ይበቃ ነበር።

ስንደርስ ተጀምሯል። አንድ ሽማግሌ በደረቱ ተኝቶ ጀርባው ላይ መጥረቢያ ተተክሎ ነበር፤ የሚያጠጣው በሬ አጠገቡ ቆሞ ያሸተዋል። በሬውንም በጥይት መቱት። አንዲት ሴት የወተት ቅሏን እንደያዘች ትሮጣለች፣ ዱላ እግሯን ሲመታት ቅሉ ተሰብሮ ወተቱ አሸዋው ላይ ፈሰሰ። የሚለምን ሰው ድምፅ፣ የከብት ጩኸት፣ ገጀራ አጥንት ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው ደረቅ ድምፅ። ውሃው ከመሻገሪያው በታች ቀልቷል። የሚመቱትን ሰዎች አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፤ ጫማ የሚሸጥልኝ አለ፣ አብሮኝ የተማረ አለ። የሁሉም አፍ ላይ የኔ አረፍተ ነገር ነበር። በየምቱ ይሉታል።

ጋሼ ከድር ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገቡ። በሴትየዋና በወንዶቹ መካከል ቆሙ። በዚያ በተሰነጠቀ ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩት አሉ፦ «እኔ ከድር ከሼህ አህመዴ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ! መጀመሪያ ከብቱን አጠጡ! ከብቱን አጠጡ!»

አንዳንዱ ቆመ። እውነቴን ነው፣ ቆመ። ሁለት ልጆች ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አንደኛው ተማሪያቸው ነበር። ሴትየዋ በዚያች ክፍተት ተነሥታ እያነከሰች ተሻገረች። ሌሎችም ተከትለዋት አመለጡ። በሕይወት ያሉት በዚያች ክፍተት ነው።

ከዚያ ከጎን የመጣ አንድ ሰው በክላሽ ሰደፍ ማጅራታቸውን መታቸው። ያንን ሰው አላወቅሁትም። ውሃው ዳር ወደቁ። ሕዝቡ የሸሹትን ለመያዝ በታችኛው በኩል ሮጠ፤ መሻገሪያው ላይ ሬሳና ከብት ብቻ ቀረ። እኔ ከአሥር እርምጃ የማይበልጥ ርቀት ላይ ካለች የሮቃ ዛፍ ኋላ ነበርኩ። ግንዱን አቅፌ።

ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ያለ መነጽር ዓይናቸው ሩቅ አያይም። ወዲያና ወዲህ ዞሩ። «ማን አለ?» አሉ።

አልመለስኩም። ትንሽ ቆይተው እንደገና «ማን አለ?» አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ጉንጫቸው ውሃው ላይ ተኛ።

በዚያው ቀን ወንድሞቻቸው ቀበሯቸው። ለቅሶው ላይ ሰዎች፣ ጋሼ ከድር ሲሞቱ ማን አጠገባቸው እንደነበር ሲጠይቁ፣ ከሩቅ ሰምቻለሁ አልኩ። ምን አሉ ሲሉኝ የሞቱበትን ቃል ነገርኳቸው፣ ላላ አድርጌ። ሰዉ አለቀሰ። ወዲያው ተወራ። እትዬ ዘሃራ ሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ነበር፤ ተነሥታ ወደኔ መጣች።

«ዳምጤ፣ አላህን ይዘህ ንገረኝ። ጠራ ወይስ ጠየቀ? ሰው ፈልጎ እየተጣራ ከሆነ ልወቀው። ብቻውን ሆኖ ሲጣራ ነው ወይ የሞተብኝ?»

«ጠየቁ እንጂ፣ እትዬ። ማን ተናገረ ብለው ጠየቁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ደረቷን ይዛ። «እንግዲያስ ልቡ ሥራው ላይ ነበረች።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አውቃለሁ። ጠየቁ ካልኩ የሚቀጥለው ጥያቄ ማን ተናገረ የሚል ነው፤ መልሱን ከአለቃዬ በቀር የሚያውቅ የለም፣ እሱም ከከተማው ጠፍቷል። ተጣሩ ካልኩ ግን የሚቀጥለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ታዲያ አንተ የት ሆነህ ሰማህ? ሙት ጠርቼ ለራሴ አስመሰከርኩ። ሼህ አህመዴን ገለበጥኩ፣ ቀጥዬ ጋሼ ከድርን አላላሁ። ያስተማሩኝን ሁሉ በሳቸው ላይ ተጠቀምኩበት።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሾፌሩ «የት ልውሰድህ ወንድም?» ሲለኝ «የጋሼ ከድር ቤት» አልኩት።

እትዬ ዘሃራ ደጇ ላይ ማሾ ታበጥራለች። አርጅታለች። ግድግዳው ላይ ያው ጃንጥላ ተሰቅሏል።

«መርሐባ፣ ዳምጤ። ጠፋህብን እኮ! ምነው እንዲህ ከሳህ?»

አልተቀመጥኩም። ቆሜ፣ እሳቸው እንዳስተማሩኝ፣ ሰነዱን ከነሙሉው ተናገርኩ።

«ሜዳው ላይ የተነበበውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ አልሁ። ከማንም አልሰማሁትም። መሻገሪያውም ላይ እኔ ነበርኩ፤ ሮቃዋ ሥር፣ አሥር እርምጃ ላይ። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ላልቶ አልነበረም፣ እትዬ። ጠብቆ ነው። ሁለት ጊዜ ተጣሩ።»

ሰፌዱ ጉልበቷ ላይ ቆመ።

«ነበርክ» አለች።

«ነበርኩ።»

«ሁለት ጊዜ ሲጣራ ምን አልከው?»

«ምንም።»

ተነሣች። ወደ ቤት ገባችና ከእንስራው በጣሳ ውሃ ቀድታ ወጣች። ስታቀብለኝ ግማሹ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ጣሳውን እጄ ላይ አስያዘችኝ፣ ጣቶቼን ራሷ አጥፋ።

«ጠጣ» አለችኝ። «መጀመሪያ ጠጣ። እኔ ወንድሞቹን ልጥራቸው።»